ሲባጎ፣ ስንጥርና ሰጋቱራ፦ የጣውላ ወለል ክፍተት እንዴት ይደፈናል?

ህዳር ላይ ሱሉልታ ያደረ ሰው ብርዱን ያውቀዋል። ሜዳው ውርጭ ለብሶ ያነጋል። እኛ ቤት ግን ብርዱ የሚገባው በበርም በመስኮትም አልነበረም። ከእግራችን ሥር ነበር የሚመጣው። ቤቱ የጭቃ ቤት ነው። ወለሉ በድንጋይ መሠረት ላይ በተጋደሙ የባህር ዛፍ ተሸካሚዎች ላይ የተመታ ጣውላ ነው። ምንጣፍ አንጥፈን፣ ከሥሩ ካርቶን ደርበን፣ ሁለት ሁለት ካልሲ አድርገን ብዙ ዓመት አሳልፈናል። አንድ ቅዳሜ ግን ሜትር ይዤ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ሳሎናችን 4 በ5 ሜትር ነው። ጣውላዎቹ 15 ሴንቲ ሜትር ወርድ አላቸው። የተዘረጉት በ5 ሜትሩ በኩል ነው። ስለዚህ በመካከላቸው 26 ያህል መጋጠሚያ አለ። 26 በ5 ሲባዛ 130 ሜትር ይመጣል። የአብዛኛው ክፍተት ስፋት በዚያን ቀን 4 ሚሊ ሜትር ነበር። ደምሬ ሳየው ደነገጥኩ። ከግማሽ ካሬ ሜትር ይበልጣል! ቁመቱ 1 ሜትር፣ ወርዱ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስኮት ወለል ላይ ከፍተን ነበር የምንተኛው።

ብርዱ ብቻም አይደለም። በክፍተቱ ውስጥ የሚጠራቀመው አቧራና ፍርፋሪ ለቁንጫ ዕጭ ምግብም መደበቂያም ነው። ቡና ሲፈላ ከምድጃው የሚፈናጠር ፍም ደግሞ እዚያው ደረቅ አቧራ ላይ ይወድቃል። ቡራዩም ሆነ ኮተቤ ካራ፣ ለገጣፎም ሆነ ሰበታ፣ በአሮጌ የጣውላ ቤት የምትኖሩ ሁሉ ይህን ታውቁታላችሁ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ተበላሽቷል። ወሩ የካቲት ነበር። ወለሉ ደርቆ ክፍተቱ በጣም ሰፍቶ ነበር። ሰጋቱራና ኮላ ለውሼ ሁሉንም ግጥም አድርጌ ደፈንኩት። ለጥቂት ወራት ደስ አለን። ሐምሌ ሲገባ በመስኮቱ በኩል ያለው አንዱ ጣውላ መሃሉ ተነሳ። ሚስማሩን ነቅሎ ነው የተነሳው። ሌሎቹ ድፍኑን ጨፍልቀው ወደ ላይ ተፉት። በቀጣዩ ጥር ክፍተቱ ተመልሶ መጣ። አሁን ደግሞ የተሰባበረ ኮላ ተጨምሮበታል። ያንን ደረቅ ኮላ በመሮ ፍቆ ማውጣት ቀላል ሥራ አይደለም። ከመድፈኑ ይልቅ ማውጣቱ ነው ጉልበቴን የጨረሰው።

ስለዚህ ወደ አሠራሩ ከመግባታችን በፊት ስለ እንጨቱ ትንሽ እናውራ።

ጣውላው ለምን ይሸሻል?

እንጨት ከአየሩ እርጥበት ይወስዳል፤ አየሩ ሲደርቅ ደግሞ መልሶ ይሰጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ሲበረታ ጣውላው በወርዱ ይሰፋል። ከጥቅምት በኋላ ፀሐዩና ደረቁ ነፋስ ሲመጣ ይጠባል። በርዝመቱ ግን ለውጡ ከቁጥር አይገባም። ሙሉ ሥራውን የሚወስነው ይህ ነው። በጣውላ ጎንና ጎን መሃል ያለው ክፍተት ሲሰፋና ሲጠብ ይኖራል። ጫፍና ጫፍ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ያለው ግን ባለበት ይቆያል። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ዓይነት ነገር አይደፈኑም።

የሚንቀሳቀሰው መጠን እንደ እንጨቱ ይለያያል። በእኛ አካባቢ ብዙው ነገር ባህር ዛፍ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ መጥቶ፣ ማገዶና የቤት እንጨት አጥታ የነበረችውን አዲስ አበባን ያቆማት ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል። ጠንካራም ነው። ነገር ግን ሲደርቅ በጣም ይጠባል፤ በተለይ እርጥቡን ሰንጥቀው ወዲያው ከመቱት። ጥድ ከእሱ ይልቅ የተረጋጋ ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው የባህር ዛፍ ጣውላ በክረምትና በበጋ መካከል 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ቢሰፋና ቢጠብ አይግረማችሁ።

ከዚህ ተነስተን ክፍተቱን ለሁለት እንከፍለዋለን። አንደኛው ቋሚው ነው። ጣውላው መጀመሪያ ሲደርቅ የተፈጠረ ነው፤ በክረምትም አይዘጋም። ሁለተኛው የወቅቱ ነው። በበጋ ይከፈታል፣ በክረምት ይዘጋል። ቋሚውን በእንጨት እንደፍነዋለን። ለወቅቱ ግን ቦታ እንተውለታለን። እኔ የካቲት ላይ ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የደፈንኳቸው። ጣውላው ክረምት ሲመጣ የሚሰፋበት ቦታ አጣ፤ ወደ ላይ ተነሳ።

መለካት

ቢያንስ 10 ቦታ ምረጡ። ከግድግዳው አጠገብ፣ ከመሃል፣ ከመስኮት ሥር፣ ከበሩ መግቢያ። ቦታዎቹን ደብተር ላይ በትንሽ ሥዕል አስቀምጡ። ከዚያ ሁለት ጊዜ ለኩ። አንዴ በነሐሴ መጨረሻ፣ አንዴ በየካቲት።

ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። የኤቲኤም ካርድ ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። የክብሪት እንጨት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እርሳስ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። በእነዚህ ሦስቱ ብዙ ርቀት ይኬዳል። በእኛ ሳሎን የነሐሴው 3 ሚሊ ሜትር ወጣ፣ የየካቲቱ 5። ስለዚህ ቋሚው 3 ነው፣ የወቅቱ 2። ለመድፈኛ የሚቆረጠው እንጨት ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ይሆናል ማለት ነው፤ በበጋ አይታችሁ 5 አትቁረጡ።

ሁለት ወቅት የመጠበቅ ትዕግሥት ወይም ጊዜ ከሌላችሁ፣ ወደ ሲባጎው ክፍል እለፉ። ሲባጎ ይጨመቃል፣ መልሶም ይለቃል። በልኬት ብትሳሳቱም ወለሉን አይጎዳም።

ወለሉ ሥር ምን አለ?

ይህንን ሳያዩ የሚጀምሩ ብዙ ናቸው። ቀጭን ሽቦ ወደ ክፍተቱ አስገቡ። ሽቦው እስከ ታች ድረስ ከሄደ ጣውላዎቹ ጠርዛቸው ቀጥ ያለ ነው፤ ከላይ የምታስገቡት ልል ነገር ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል። ሽቦው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ገብቶ ከቆመ ግን አንዱ ጣውላ ጠርዙ ላይ ምላስ አለው፣ ምላሱም በሌላው ቦይ ውስጥ ገብቷል። እንደዚህ ዓይነቱ ወለል ነፋስ ብዙ አያሳልፍም።

ከዚያ ወደ ውጭ ውጡና የድንጋይ መሠረቱን ዙሩት። በጥሩ የተሠራ ቤት መሠረቱ ላይ ትናንሽ የአየር ቀዳዳዎች አሉት። ብርድ ሲጠና ብዙ ሰው እነሱን በጨርቅ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ይወትፋቸዋል። እባካችሁ አትወትፏቸው። የሱሉልታ ሜዳ በክረምት ውሃ ያዝላል፤ ከመሬቱ የሚነሳው እርጥበት መውጫ ካጣ ተሸካሚዎቹን ያበሰብሳል። ነፋሱ ከወለሉ በታች ማለፍ አለበት። እኛ የምንከለክለው ወደ ሳሎን እንዳይወጣ ነው። አይጥ ካስቸገራችሁ ቀዳዳው ላይ ወንፊት ሽቦ ምቱበት። አየሩ ያልፋል፣ አይጡ አያልፍም።

ጣውላውን በእግራችሁ ተጫኑት። የሚረግብ ወይም እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ቦታ ካለ ቢላ ውጉበት። ቢላው ያለ ትግል ከገባ እንጨቱ በስብሷል። ትናንሽ ክብ ቀዳዳዎችና ከሥራቸው እንደ ዱቄት የደቀቀ ነገር ካያችሁ ደግሞ እንጨት የሚበላ ነቀዝ ገብቶበታል። በሁለቱም ጊዜ መጀመሪያ ጣውላው ይቀየራል። የበሰበሰ ጣውላ ጎኑን መድፈን ገንዘብ ማባከን ነው።

ማጽዳትና ማጥበቅ

ማጽዳቱ አሰልቺ ነው፤ ግን የሥራው ግማሽ ነው። ሚስማር ጫፉን አጥፋችሁ ከእንጨት እጀታ ጋር እሰሩት። በእሱ ክፍተቱን ከዳር እስከ ዳር ጎትቱ። አሮጌ ቢላም ይሠራል። በትንሽ መጥረጊያ ጥረጉ። ቫኪዩም ካላችሁ በጣም ጥሩ፤ ከሌላችሁ የኳስ ወይም የብስክሌት መንፊያ አቧራውን ያወጣል። አፍና አፍንጫችሁን በማስክ ሸፍኑ። እኛ ያወጣነው ብዛት ያስገርማል። ጤፍ፣ የቡና ፍሬ፣ መርፌ፣ ዶቃ፣ ሳንቲም። እማዬ ከዓመታት በፊት ጠፋብኝ ያለችው የጆሮ ጌጥ ከቁም ሳጥኑ ሥር ተገኘ። ዕቃ ሲወጣ አትጣሉ፤ አንድ ሳህን አስቀምጡና እዚያ ሰብስቡ።

ውሃ አታፍስሱበት። ጣውላው ያብጣል፣ ልኬታችሁም ይበላሻል። ቁንጫ ለማጥፋት ተብሎ ነጭ ጋዝ ወለል ላይ የመርጨት ልማድም አለ። እሱም ይቅር። ለእሳት አደጋ ነው፤ ጋዝ የጠጣ እንጨት ደግሞ ኮላ አይዝም። ወለሉ በሰም ሲወለወል የኖረ ከሆነ ሰሙ ወደ ክፍተቱ ጠርዝ ገብቷል። ጠርዙን በመሮ ወይም በተጠቀለለ የብርጭቆ ወረቀት ፈቅፍቁት። ንጹሕ እንጨት እስኪታይ ድረስ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ወለሉ በድሮ ቀለም የተቀባ ከሆነ፣ ቀለሙ ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል። በደረቁ አትፈግፍጉት። ጠርዙን ብቻ እርጥብ ጨርቅ አስነክታችሁ ፋቁት። ፍቅፋቂውን ሰብስባችሁ አስወግዱ። ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ሴት ክፍሉ ውስጥ አይግቡ።

ከማጽዳቱ ቀጥሎ የሚንቋቋውንና የላላውን ጣውላ አጥብቁ። ሚስማሩ ከተነሳ መልሳችሁ አትምቱት፤ ቀዳዳው ስለሰፋ እንደገና ይነሳል። ከአጠገቡ፣ ተሸካሚው ላይ፣ በብሎን እሰሩት። የሁሉንም ሚስማር ጭንቅላት ከጣውላው ወለል 2 ሚሊ ሜትር ዝቅ አድርጉ። ጫፉ የደነዘ ትልቅ ሚስማር ከላይ ደግፋችሁ በመዶሻ ምቱት። በኋላ መላጊያ ስትገፉ ምላጩ ሚስማር ቢነካ ይሰበራል።

የትኛው ክፍተት በምን ይደፈን?

በነሐሴ ካርዱ የማይገባበት ክፍተት ቋሚ አይደለም። ተዉት፤ በበጋ ነፋሱ ካስቸገረ ቀጭን ሲባጎ ይበቃዋል። በነሐሴ ከክብሪት እንጨት የሚሰፋ፣ እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ድረስ ያለና ጠርዙ ቀጥ ያለ ክፍተት የእንጨት ስንጥር ይገባዋል። ጠርዙ የተቦጫጨቀ ወይም አንድ ቦታ ጠባብ ሌላ ቦታ ሰፊ ከሆነ ሲባጎ። የጣውላ ጫፍ መጋጠሚያ፣ የሚስማር ቀዳዳና የአንጓ ጉድጓድ ደግሞ ሰጋቱራና ኮላ። እነዚያ ስለማይንቀሳቀሱ እዚያ ላይ ድፍኑ ለዓመታት ይቆያል።

ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነስ? ያኔ ጣውላዎቹን ነቅሎ፣ አጠጋግቶ መምታትና በመጨረሻ በግድግዳው በኩል የሚተርፈውን ቦታ በአንድ ተጨማሪ ጣውላ መሙላት ይሻላል። ይህ ግን የአናጺ ሥራ ነው።

ሥራውን በስንጥር

እኔ የምወደው ይህን ነው። በደንብ ከተሠራ ወለሉ እንደ አዲስ ነው የሚሆነው።

ጊዜው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ነው። ሰማዩ ጠርቷል። ጣውላው ግን የክረምቱን እርጥበት ገና አልጣለም፤ ክፍተቱ በጣም የጠበበበት ጊዜ ነው። አሁን ልክክ ብሎ የገባ ስንጥር በሚመጣው ክረምት ጣውላውን አይገፋም።

እንጨቱን ከፈረሰ ቤት ከወጣ አሮጌ ጣውላ ብታሠሩት ይመረጣል። ለዓመታት ስለደረቀ ከእንግዲህ ብዙ አይጠብም። ቀለሙም ከወለላችሁ ጋር ይቀራረባል። አዲስ እርጥብ ባህር ዛፍ ግን ከሥራው ቦታ ይራቅ። ጣውላውን ወደ ሰፈራችሁ እንጨት ቤት ውሰዱና በማሽን አሰንጥቁት። ትዕዛዙ እንዲህ ነው፦ ርዝመት 1.25 ሜትር፣ ቁመት 12 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረት እንደ ልኬታችሁ። ከላይ በኩል ከታቹ ግማሽ ሚሊ ሜትር ወፈር ይበል፤ ሽብልቅ እንዲሆን። ሁሉንም በአንድ ውፍረት አታሠሩ። ዋናው 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ ጥቂት 2.5፣ ጥቂት 4 ይኑር። ለእኛ ሳሎን በአንድ ክፍተት 4፣ በጠቅላላው 104 ስንጥር ያስፈልግ ነበር። 120 አሠራሁ። የሚሰበርም የሚጣመምም አይጠፋም።

ስንጥሮቹን ወዲያው አትጠቀሙ። በዚያው ክፍል ውስጥ በክር አስራችሁ ሁለት ሦስት ሳምንት አስቀምጡ። ከክፍሉ አየር ጋር ይለማመዱ።

ኮላው ተራው ነጭ የእንጨት ኮላ ነው። ግን ብርድ ይጠላል። ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ በደንብ አይይዝም፤ ሲደርቅ ነጭ ዱቄት መስሎ ይቀራል። በሱሉልታ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ኮላ መቀባት ዋጋ የለውም። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ሥሩ። የኮላውን ጣሳ ሌሊት ወጥ ቤት አሳድሩት።

አሁን አንዱን ስንጥር ውሰዱ። ያለ ኮላ ሞክሩት። በጣት ተገፍቶ ግማሽ ድረስ መግባት አለበት። ካልገባ በብርጭቆ ወረቀት ሁለት ሦስቴ ጥረጉት። ከገባና ከላላ ወፈር ባለ ስንጥር ቀይሩት። ልኩ ከተገኘ በኋላ ኮላ ቀቡ፤ በአንድ ጎኑ ብቻ። ይህ ከሁሉ የበለጠ ዋና ነጥብ ነው። ሁለቱንም ጎን ብታጣብቁ ሁለቱን ጣውላ አንድ ታደርጋላችሁ። በበጋ ሁለቱም ሲጠቡ ደካማው ቦታ ይሰነጠቃል፤ አንዳንዴ ጣውላው ራሱ።

የምትቀቡትን ጎን አንዴ ምረጡና እስከ መጨረሻው አትቀይሩ። እኛ ሁሌም በመስኮቱ በኩል ባለው ጠርዝ ነው ያጣበቅነው። እንዲህ ሲሆን እያንዳንዱ ጣውላ የራሱን አንድ ስንጥር ተሸክሞ ይንቀሳቀሳል። ኮላ የማይነካውን ጎን ደረቅ ሳሙና አሹት። ቢንጠባጠብ እንኳ አይይዝም።

ስንጥሩን አስገቡና ከላዩ ቁራጭ እንጨት አድርጋችሁ በመዶሻ ቀስ እያላችሁ ምቱ። በቀጥታ በመዶሻው አትምቱት፤ ይፈነከታል። ከወለሉ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ይቁም። በጉልበት ካልሆነ አልገባም ካለ አውጡትና አሳሱት። በጉልበት የገባ ስንጥር ጣውላዎቹን ይገፋል፤ 26ቱም ቢገፉ ግድግዳው ጋ ያለው ጣውላ ይጨነቃል። ወደ ላይ የወጣውን ኮላ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። የቀጣዩ ስንጥር ጫፍ ከፊተኛው ጋር ይሳሳም።

አንድ ቀን ሙሉ አይነካ። ቡና ለማፍላት ብላችሁ እርጥብ ቄጠማ እንዳትጎዘጉዙበት። በማግስቱ ከፍ ያለውን በትንሽ መላጊያ፣ መላጊያው በማይደርስበት በተሳለ መሮ አስተካክሉ። ሁሌም በእንጨቱ ርዝመት በኩል ግፉ። ቀጥሎ በ80 ቁጥር፣ ከዚያ በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ።

እኔና ወንድሜ ሳሎኑን በአራት ቅዳሜ ጨረስነው። ጥር ሲመጣ በስንጥሩ ነፃ ጎን ቀጭን ክፍተት ታያላችሁ። አትደንግጡ። የወቅቱ ክፍተት ነው፤ እንዲከፈት ፈቅደንለት ነው። በእኛ ቤት 5 ሚሊ ሜትር የነበረው 2 ሆኗል። በምሽት ወለሉ ላይ ጧፍ አብርቼ አስጠግቼው ነበር። ነበልባሉ እንደ ድሮው አይተኛም።

በሲባጎ

ሲባጎ ርካሽ ነው። ለተከራይም ይሆናል፤ ስትወጡ ጎትታችሁ ልታወጡት ትችላላችሁ። ከቃጫ የተገመደውን ግዙ። ናይለኑ ያንሸራትታል፣ አይጨመቅም። ውፍረቱ ከክፍተቱ ትንሽ ይብለጥ። ለ4 ሚሊ ሜትር ክፍተት 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር። ቀጭን ብቻ ካገኛችሁ ሁለቱን ግመዱት።

ነጣ ያለው ቃጫ በጠቆረ ወለል ላይ ዓይን ይወጋል። እማዬ ያመጣችው መላ ጥሩ ነው። የቡና አተላ በድስት ውሃ አፍሉና ሲባጎውን ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት። ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን ይድረቅ። እርጥቡን ካስገባችሁት ይሻግታል።

የሚገባው በበጋ፣ ከህዳር እስከ ጥር ነው። ክፍተቱ ሰፊ ስለሆነ እጅ አይታገልም። ጫፉን ከግድግዳው ጋ ጀምሩ። በደነዘ ስፓቱላ ወይም ጫፉን ባሳሳችሁት ቁራጭ እንጨት ወደ ታች ተጫኑ። እየጎተታችሁ አታስገቡት፤ የተጎተተ ገመድ ቀጥኖ ይወድቃል። ልል አድርጋችሁ፣ በትንሹ እያጨናነቃችሁ ጠቅጥቁ። ከወለሉ 2 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይበል። ክረምት ሲጨመቅ ወደ ላይ የሚወጣበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ ካልተተወለት እግር እየነካው ይፈታል። ኮላ አያስፈልገውም።

በሰጋቱራ

ሰጋቱራውን ከእንጨት ቤቱ ውሰዱ። በሻይ ማጥለያ ንፉት። ደቃቁን ብቻ ተጠቀሙ። በነጩ ኮላ ለውሱት፤ እንደ ጭኮ ጠጠር ያለ ይሁን። ከቀጠነ ሲደርቅ ይሰረጉዳል። በስፓቱላ ተጭናችሁ ሙሉት፣ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ይበል። ጉድጓዱ ጥልቅ ከሆነ በሁለት ዙር። ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ይጠቁራል፤ ቁራጭ እንጨት ላይ ቀድማችሁ ሞክሩት።

የግድግዳ ስቱኮ ወለል ላይ አይሆንም፤ ሲረገጥ ይፈረፈራል። ሲሊኮን ቫርኒሽ አይቀበልም፣ በብርጭቆ ወረቀትም አይለሰልስም። በጣውላ መሃል ሲሚንቶ ያፈሰሱ ቤቶችም አይቻለሁ። ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፤ እርጥበት ይዞም የጣውላውን ጠርዝ ያበላሻል።

የግድግዳው ጥግ

በወለሉና በግድግዳው መካከል 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ካያችሁ በጠንካራ ነገር አትድፈኑት። ወለሉ በሙሉ የሚሰፋው ወደዚያ ነው። ሲባጎ ወይም ቃጫ ልል አድርጋችሁ ጠቅጥቁና በዞኮሎ፣ ማለትም በግድግዳው ሥር ዙሪያውን በሚመታው ጠባብ እንጨት፣ ሸፍኑት። ዞኮሎው ግድግዳው ላይ ይመታ፤ ወለሉ ላይ አይደለም።

መቀባቱ

ወለሉ ከተጠረገ በኋላ ቫርኒሽ መቀባት ትችላላችሁ። እኔ የተፈላ የተልባ ዘይት እመርጣለሁ። ቫርኒሽ በሚንቀሳቀሰው መጋጠሚያ ላይ ይሰነጠቃል፣ ዘይት ግን ወደ እንጨቱ ይገባል። በጣም ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ያልጠጣውን ጠርጋችሁ አንሱ። በማግስቱ ወይም ከዚያ በኋላ ድገሙ። ከወፍጮ ቤት የሚገዛው ጥሬ የተልባ ዘይት ግን በብርድ አገር ለመድረቅ ሳምንታት ይፈልጋል፤ እስከዚያ ይጣበቃል።

ዘይቱን የጠረጋችሁበት ጨርቅ ከባድ አደጋ አለው። ተጠቅልሎ ከተጣለ ከአየር ጋር ሲገናኝ በራሱ ይሞቃል፤ ያለ ክብሪት ይነዳል። ጨርቁን ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም በውሃ ነክራችሁ አስወግዱት። ሰም መቀባት ከፈለጋችሁ የመጨረሻው ይሁን። ሰም ከተቀባ በኋላ ኮላም ቫርኒሽም አይይዝም።

ከሰል

ይህን ጎረቤቶቼን ሁሉ እለምናለሁ። ወለሉ ሲያፈስ ብዙ አየር ያስገባ ነበር። አሁን ቤቱ ተዘጋግቷል። እንደ ድሮው ማታ ከሰል አቀጣጥላችሁ ክፍል ውስጥ እንዳትተኙ። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ ሰው በእንቅልፉ ይገድላል። ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃውን ወደ ውጭ አውጡ። ቡና ስታፈሉም መስኮት ገርበብ አድርጉ፣ ምድጃውንም ቆርቆሮ ወይም ሰፊ ትሪ ላይ አስቀምጡት።

በየዓመቱ

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ያው 10 ቦታዎችን በካርዱና በክብሪቱ ለኩ። የተነሳ ስንጥር ካለ በመላጊያ አንድ ጊዜ አሳሱት። ህዳር ላይ የወረደውን ሲባጎ መልሳችሁ ጠቅጥቁ፣ ያለቀውን ቀይሩ። የተረፉትን ስንጥሮች አስራችሁ፣ ውፍረታቸውን በእርሳስ ጽፋችሁባቸው ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀምጡ። እኛ ከ120ው የተረፉን 11 ናቸው። ሁለቱን ባለፈው ጥቅምት የመኝታ ቤቱ በር ጋ ተጠቅመንባቸዋል።